በአራት ፔኒ የተሸጠው ቀልድ

ሰው የማይሰበስበው ነገር የለም። ቴምብር የሚሰበስብ አለ፤ የድሮ ሳንቲምና የብር ኖት የሚሰበስብ አለ። እኛ ቢሮ ደግሞ በብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ ያጠራቀመ የፋይናንስ ሠራተኛ አለ፤ ሚስቱ በየበዓሉ ጽዳት «ወይ እኔ ወይ ቆርኪው» ትለዋለች አሉ። እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ጠበብ ያለው የመሰብሰብ ፍቅር ግን ይኸኛው ነው፦ ስለ ጎልፍ ጨዋታ የተጻፉ የቀልድ ግጥሞችን ጥንታዊ እትሞች እየፈለጉ የሚገዙ ሰዎች አሉ። የጎልፍ መጽሐፍ መሆኑ አይበቃም፤ ግጥም መሆን አለበት። ግጥምነቱም አይበቃም፤ ማሳቅ አለበት። ከዚያ በላይ ደግሞ አሮጌና ብርቅ መሆን አለበት።

እኔ ጎልፍ ተጫውቼ አላውቅም። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ ሥራ ነው። ከድርጅታችን ጋር ለዓመታት የሠራ አንድ የውጭ አገር ሰው የቆይታ ጊዜውን ጨርሶ ሊሄድ ሲል አለቃዬ ጠርቶ፣ «ነጠላ ሰጥተነዋል፣ ጀበና ሰጥተነዋል፣ ቡናውንም ሰጥተነዋል። ሰውየው ጎልፍ ይወዳል፤ እስቲ አንድ ነገር ፈልጊ» አለኝ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ሥራው ማስታወቂያ ብቻ ይመስላችኋል እንዴ? ስጦታ መፈለግም የእኛው ነው። መጽሐፍ ይሻላል ብዬ ፍለጋ ጀመርኩ፤ ስጦታው ተገኝቶ፣ ሰውየውም ሄዶ፣ እኔ ግን ከፍለጋው አልወጣሁም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ሁሉ ሥር አንዲት ስስ መጽሐፍ ናት። በ1743 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤድንብራ ከተማ ታተመች። ስሟ «ዘ ጎፍ» ነው፤ ጎልፍ ማለት ነው፣ የያኔው አጻጻፍ ነው። ደራሲዋ ቶማስ ማቲሰን ይባላል፤ በመጀመሪያ በሕግ ሙያ፣ ኋላ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አገልጋይነት የኖረ ሰው ነው። በመጽሐፏ ላይ ግን ስሙን አላወጣም። ሙሉ በሙሉ ስለ ጎልፍ ብቻ ተጽፋ የታተመች የመጀመሪያዋ መጽሐፍ ይቺ ናት። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው የጎልፍ መጽሐፍ ማስተማሪያ አይደለም፣ ታሪክም አይደለም። የቀልድ ግጥም ነው። ዋጋዋም ፊት ለፊት ተጽፎባታል፦ አራት ፔኒ።

ቀልዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ለማስረዳት ብዙ ድካም የለውም። ፉከራና ቀረርቶ እናውቃለን። ጠላት የመለሰ፣ አንበሳ የጣለ ሰው ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» ይላል፤ ዘሩን ይቆጥራል፣ ጋሻውን ይሰብቃል። አሁን አንድ ሰው በካርታ ጨዋታ ጓደኛውን ረትቶ፣ ጋቢውን አደግድጎ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ እንደዚያው ሲፎክር አስቡት። ማቲሰን ያደረገው ይህንን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሜዳ ላይ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ ለመክተት ይወዳደራሉ፤ እሱ ደግሞ ነገሩን እንደ ትሮይ ጦርነት ይተርከዋል። ተጫዋቾቹ ካስታሊዮና ፒግማሊዮን የሚባል ክቡር ስም ተሰጥቷቸዋል፤ የግሪክ አማልክት ሳይቀሩ ከላይ ሆነው በጨዋታው ያገባቸዋል። ስልቱ የእሱ ፈጠራ አይደለም። ከእሱ ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ፖፕ የአንዲት ወይዘሪት ዘለላ ፀጉር በመቆረጡ የተነሳውን ጠብ በጀግና ቋንቋ ጽፎ አገር አስቆ ነበር። ማቲሰን ያንኑ ልብስ ለጎልፍ አለበሰው።

ሜዳው ከኤድንብራ አጠገብ ያለው የሊዝ ሜዳ ነው። (የመሬት ሊዝ እንዳይመስላችሁ፤ የወደብ ሰፈር ስም ነው።) ያኔ ሜዳው አምስት ጉድጓድ ብቻ ነበረው። ኳሱ ከቆዳ ተሰፍቶ ላባ የሚጠቀጠቅበት ነው፤ ሠሪው ቀኑን ሙሉ ደክሞ ጥቂት ብቻ ስለሚያወጣ ውድ ነበር። ዝናብ ሲነካው ይከብዳል፣ ክፉኛ ሲመታ ይፈነዳል። ግጥሙ የኳሱን አሠራር ጭምር ስለሚተርክ ዛሬ የጎልፍ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ሰነድ ይጠቅሱታል። ለሳቅ የተጻፈው ነገር ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ኳሱ አይደለም፤ ሰዎቹ ናቸው። ማቲሰን በግጥሙ ውስጥ በዘመኑ ሜዳው ላይ የሚታወቁ እውነተኛ ተጫዋቾችን አስገብቷል። አንዱ ዳንከን ፎርብስ ነው፤ የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበረ ትልቅ ሰው። ሌላው ጆን ራትሬይ ነው፤ የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ በጨዋታ ችሎታው የተመሰገነ። መጽሐፏ በወጣች በዓመቱ፣ በ1744፣ የኤድንብራ ከተማ ለጎልፍ ተጫዋቾች የብር ዱላ ሽልማት አቀረበ፤ ለውድድሩም 13 ደንቦች ተጻፉ። እስከ ዛሬ ከታወቁት የተጻፉ የጎልፍ ሕጎች ቀዳሚዎቹ እነዚህ ናቸው። ሽልማቱን ያሸነፈው ሐኪሙ ራትሬይ ነበር። በ1745ም ደገመው።

በዚያው ዓመት ጦርነት መጣ። ልዑል ቻርልስ ስቱዋርት የአያቶቼን ዙፋን እመልሳለሁ ብሎ ስኮትላንድ ገባ። ራትሬይ የልዑሉን ጦር በሐኪምነት ተከተለ። ፎርብስ ደግሞ የመንግሥት ወገን ነበር፤ ብዙ የስኮትላንድ ሹማምንት ለዓመፁ እንዳይነሱ ያግባባው እሱ ነው። በሚያዝያ ወር 1746 በካሎደን ሜዳ የልዑሉ ጦር ተደመሰሰ። ያ ሜዳ የሚገኘው ከፎርብስ ርስት አጠገብ ነው። ራትሬይ ተማረከ፤ ለዚያ ዓይነት ምርኮኛ ደግሞ የሚጠብቀው ገመድ ሊሆን ይችል ነበር። ስለ ሐኪሙ የለመነለት የሜዳ ጓደኛው ፎርብስ ነው። ራትሬይ በመጨረሻ ተፈታ፤ በ1751 እንደገና የብር ዱላውን አሸነፈ።

አሁን ወደዚያች አራት ፔኒ መጽሐፍ ተመለሱ። በ1743 ሁለቱም ሰዎች በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ቀልድ ውስጥ ቆመዋል። ማንም ማንን ከገመድ እንደሚያድን አያውቅም። መጽሐፏን ያነሳ ሰብሳቢ የሚያነበው ይህንን ነው።

ታዲያ ለምንድን ነው ብርቅ የሆነችው? እዚህ ላይ የእኔ ሙያ ትንሽ የሚለው አለ። እኛ የገበያ ሰዎች ብርቅነትን እንፈበርካለን። «ውስን እትም»፣ «እስከ እሑድ ብቻ»፣ «የመጨረሻዎቹ 50 ፍሬዎች» ስንል መጋዘኑ ውስጥ ያለውን አትጠይቁን። የድሮ የቀልድ መጽሐፍ ብርቅነት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማንም አላቀደውም። ዘፍጥረትና ሕግ የታተመበት ትልቅ ጥራዝ በቆዳ ተለብጦ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ስስ የቀልድ መጽሐፍ ግን ከኪስ ወደ ኪስ ይዞራል፣ ቢራ ይፈስበታል፣ አንድ ሰው አንብቦ ይስቅና ለሌላው ይሰጣል፤ መጨረሻው መጠቅለያ ነው። እኛም እኮ ስንቱን ጥሩ ጽሑፍ የኦቾሎኒ መጠቅለያ አድርገን በልተንበታል! ሰው ያከበረው መጽሐፍ ስለሚተርፍ ብዙ ነው፤ ሰው የወደደው መጽሐፍ ተነቦ አለቀ። «ዘ ጎፍ» በ1763 እና በ1793 እንደገና ታትማለች፤ እነዚያም ቢሆኑ ዛሬ ብርቅ ናቸው። የመጀመሪያው እትም ለጨረታ ሲወጣ የሚነገረው ዋጋ የመጽሐፍ ሳይሆን የመኪና ነው።

ከማቲሰን በኋላ መንገዱ ይሰፋል። በ1833 ጆርጅ ፉለርተን ካርኔጊ የሚባል የስኮትላንድ ባለ ርስት «ጎልፊያና» የሚል የግጥም መጽሐፍ አወጣ፤ የሴንት አንድሩስ ተጫዋቾችን በስማቸው እየጠራ ይቀልድባቸዋል። ከዚያ ደግሞ የክለብ እራት ዘፈኖች ይመጣሉ። እነዚህ በጣም ደስ ይሉኛል። የጎልፍ ማኅበር አባላት ዓመታዊ እራታቸውን ሲበሉ አንዱ ተነስቶ የጻፈውን ያነባል ወይም ይዘፍናል። ለምሳሌ ከ1848 ገደማ ጀምሮ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የእስያ ዛፍ ሙጫ የተሠራ ርካሽ ኳስ መጣ፤ የላባው ኳስ ሠሪዎች ገበያ ወደቀ። ተጫዋቾች ግን ተደሰቱ፤ በ1856 በኢነርሌቨን ክለብ ስብሰባ ላይ ዊልያም ግራሃም የሚባል ሰው ለዚያ ሙጫ የምስጋና ዘፈን ዘፈነለት። ለሙጫ ውዳሴ! ለእኔ ይህ ከማንኛውም የኢኮኖሚ መጽሐፍ በላይ አዲስ ምርት ገበያ ሲገለብጥ ያሳየኛል።

እንዲህ ያለ ዘፈን የሚጻፈው በብጣሽ ወረቀት ነው። ቢጠፋ ማንም አይፈልገውም። የተረፈው አንድ ሰው ስላሰበበት ነው፤ ሮበርት ክላርክ የሚባል የኤድንብራ አታሚ፣ ራሱም ጎልፍ ተጫዋች፣ እነ ማቲሰንን፣ እነ ካርኔጊን፣ የእራት ዘፈኖቹንም ከየቦታው ለቅሞ በ1875 በአንድ ትልቅ ያማረ ጥራዝ አሳተማቸው። ዛሬ የክላርክም መጽሐፍ ራሱ የሰብሳቢዎች ምኞት ነው።

ከዚያ ጨዋታው ከስኮትላንድ ወጥቶ እንግሊዝንና አሜሪካን ሲያጥለቀልቅ የቀልድ ግጥሙም አብሮ ፈላ። አሜሪካ ውስጥ በ1901 የኦማር ካያምን «ሩባያት» አስመስሎ «የጎልፍ ተጫዋቹ ሩባያት» የሚል መጽሐፍ ወጣ። በነገራችን ላይ ዋናው «ሩባያት»፣ ፊትዝጄራልድ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1859 ያሳተመው፣ መጀመሪያ ገዥ አጥቶ የለንደን መጽሐፍ ሻጭ በር ላይ ካለው የአንድ ፔኒ ሳጥን ውስጥ ተጥሎ ነበር። ዛሬ ያንን የአንድ ፔኒ ቅጂ የሚያገኝ ሰው ቤት ይገዛበታል ባልልም ቤቱን በደንብ ያድስበታል።

«እንዴት ይጀመራል?» ለምትሉ፣ ከገንዘቡ በፊት ዝርዝሩ ይቀድማል። ጆሴፍ መርዶክ የሚባል አሜሪካዊ በ1968 ከ1743 እስከ 1966 የወጡ የጎልፍ መጻሕፍትን መዝግቦ አሳተመ፤ በ1970 ደግሞ ከጓደኛው ጋር የጎልፍ ሰብሳቢዎች ማኅበር መሠረተ። ከእሱ በኋላ የመጡት ዝርዝሮች የሚጀምሩት ከ1566 ነው። ለምን ቢባል፣ በዚያ ዓመት የታተመው የስኮትላንድ ሕግ ስብስብ ውስጥ ጎልፍን የሚከለክል የ1457 አዋጅ ስላለ ነው። ወጣቱ ቀስት መለማመድ ትቶ ኳስ ያሳድዳል ተብሎ! ስንት ወላጅ ይህንን አዋጅ ለስልክ በተጠቀመበት።

ዝርዝር የሌለው ገዥ የትኛው እትም እንደሆነ ሳያውቅ ይከፍላል። ሰብሳቢ መጽሐፍ ሲያነሳ መጀመሪያ የኅትመት ገጹን ያያል፣ ቀጥሎ ገጾቹ ሙሉ መሆናቸውን ይቆጥራል፣ ከዚያ ሽፋኑ የራሱ ይሁን ኋላ የተለበጠ ይለያል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ላይ የላይ መጠቅለያ ወረቀቱ መኖርና አለመኖር ዋጋውን በእጥፍና ከዚያ በላይ ይለውጠዋል፤ እኛ መጽሐፍ ገዝተን ቤት ስንደርስ መጀመሪያ የምንጥለው እሱን ነው። የቀድሞ ባለቤት ፊርማ አንዳንዴ ጉዳት ነው፣ አንዳንዴ ሀብት። ፊርማው የማን ነው? እሱ ይወስነዋል። የሚያጠፋቸው ነገር ደግሞ እዚህም እዚያም ያው ነው፦ እርጥበት፣ ፀሐይ፣ ብልና አይጥ። በፕላስተር መለጠፍንም ጨምሩበት፤ ከብል ይብሳል።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስተርክለት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ኢንቨስትመንት ነው ወይስ ወጪ?» ወጪ ነው። እውነቱን መናገር ይሻላል። የአሮጌ መጽሐፍ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፤ ለመሸጥ ትክክለኛውን ገዥ መጠበቅ ግድ ነው፤ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ «የ1833 ግጥም አለኝ» ማለት አያዋጣም። ከቤት ወጪ የተረፈ ካለ፣ ያም ተመድቦለት፣ ደስ ስለሚል ብቻ የሚገዛ ነገር ነው። ገንዘብ ለሌለው ሰውም ቢሆን በሩ አልተዘጋም። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ዘ ጎፍ»ን በኢንተርኔት አስቀምጦታል፤ በነፃ ይታያል። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ደግሞ በ1981 ቁርጥ እሱን የሚመስል አምሳያ ኅትመት አውጥቷል። ለእንግዳችን የሰጠነው ይህንን አምሳያ ነው፤ የአንድ ባልደረባችን እህት ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ አመጣችልን። አለቃዬ «ታዲያ ኦሪጅናሉ አይደለማ?» ብሎ ትንሽ ቅር አለው። የኦሪጅናሉን ዋጋ ስነግረው አምሳያው በጣም ቆንጆ ሆነለት።

ይህን በማነብበት ሰሞን አማቴ ቀበና ካለው ቤታቸው ወደ ኮንዶሚኒየም ገቡ። አማቼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወረቀት የማይጥሉ ሰው ነበሩ። ሁለት ካርቶን ሙሉ ትተዋል። ደረሰኝ፣ የድሮ ጋዜጣ፣ የዕቁብ ደብተር። ባለቤቴ ቆራሌው ሲያልፍ ሊጠራው በረንዳ ላይ ቆሟል። እኔ ደግሞ አእምሮዬ በእራት ዘፈን ተሞልቷልና ቁጭ ብዬ መገልበጥ ጀመርኩ።

ከታች፣ ከመብራት ሒሳብ ሥር፣ በስቴንስል የተባዛ አራት ገጽ አገኘሁ። የአማቼ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ለ1965 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ግብዣቸው የጻፉት የቀልድ ግጥም ነው። አሥራ አንድ ሰው በስሙ ተጠርቶ ይቀለድበታል። የሒሳብ ሹሙ ስኳር ቆልፎ ስለሚያስቀምጥ እንደ ጦር ግምጃ ቤት ጠባቂ ተፎክሮለታል። የአንዱ ቮልስዋገን ዳገት ላይ መቆም እንደ አድዋ ዘመቻ ተተርኳል። አማቼም አሉበት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ስለሚያንኮራፉ።

ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ እስከ ሦስተኛው ስም ድረስ። ከዚያ «ቆይ ልጄ፣ መነጽሬን አምጪልኝ» አሉ። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው እያንዳንዱን ስም በጣታቸው እየነኩ ወረዱ። «ይሄ በ69 ቀረ። ይሄኛው ሱዳን ገባ፤ ኋላ ካናዳ ነው አሉ። እሷ ደህና ናት፤ ባለፈው ዓመት ለቅሶ ላይ አግኝቻታለሁ።» አንደኛው ስም ላይ ብዙ ቆዩ። ያ ሰው በኋላ በቀበሌ ሥልጣን ይዞ ነበር። አማቼ ታስረው በነበሩ ጊዜ ማታ ማታ ምግብ የሚያስገባላቸው፣ ስማቸውንም ከአንድ ዝርዝር ላይ ያወጣ እሱ ነው። ባለቤቴ ይህን ታሪክ በአርባ ዓመቱ ገና መስማቱ ነበር፤ በረንዳው ላይ ቆሞ ቆራሌውን ረስቶታል።

ለአንባቢዎቼ ፎቶውን ላወጣው ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የለም፤ የሰዎቹ ልጆች አሉ» አሉኝ። ትክክል ናቸው። አሲድ በሌለው ወረቀት መሐል አድርገን ለብቻው አስቀመጥነው፤ ባለቤቴ ለቤተሰቡ ብቻ በስካነር አነሳው። አሁን ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ እሳቸው የሚሉትን በሌላ ደብተር እየጻፍን ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን እርሳስም አናሳርፍም። ሰባቱ አልቀዋል፣ አራት ይቀሩናል። አንዱን እሳቸውም አያስታውሱትም፤ ለቅሶ ላይ ያገኟት ሴትዮ ታውቀዋለች ስላሉ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሪስ ቤቷ ድረስ ልንሄድ ተቀጣጥረናል።